ዊንዶውስ 11 ልጫን ወይስ ባለሁበት ልቆይ? ለጌመሮች ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ሰላም ጌመሮች! ሰሞኑን የምትልኩልን ጥያቄ ከሞላ ጎደል አንድ አይነት ሆኗል፣ ዊንዶውስ 10 ሰፖርት አበቃ እያለ ይጨቀጭቀኛል፣ ጌሜ ይቆማል ወይ ነው ነገሩ። ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 (በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14፣ 2025) ለዊንዶውስ 10 መደበኛ አፕዴት መስጠት አቁሟል፣ እውነት ነው። በማግስቱ ግን የማንም ኮምፒውተር አልጠፋም፣ የማንም ጌምም አልተዘጋም። አራት ጥያቄ መርጠናል፣ የመጀመሪያው ብዙዎቻችሁን ስለሚነካ እሱ ላይ ቆየት እንላለን።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ፣ የምጽፈው ከአዳማ ነው። ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7050 ገዝቼ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ግራፊክስ ካርድ አስገብቼበት ነው የምጫወተው። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ5-7500 ነው፣ ራሙ 8 ጊጋ፣ ዲስኩ የድሮው ሃርድ ዲስክ። ቫሎራንት፣ ሲኤስ 2 እና ጂቲኤ 5 እጫወታለሁ። ኮምፒውተሩን የሸጠልኝ ልጅ ዊንዶውስ 11 ብትጭን ኤፍፒኤስህ (ጌሙ በሰከንድ የሚያሳየው ምስል ብዛት) ይተኮሳል፣ ና በፍላሽ እጭንልሃለሁ ይለኛል። ጓደኞቼ ደግሞ ቫሎራንት እምቢ ይልሃል እንዳትነካው አሉኝ። የማንን ልስማ?

መልስ፦ ወንድሜ የጓደኞችህን ስማ፣ እነሱም ግን ግማሹን ነው የነገሩህ።

ከኤፍፒኤሱ እንጀምር። ዊንዶውስ 11 ለጌም የሚጠቅምበት ቦታ አለ፣ ለምሳሌ ከ12ኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ያሉት ኢንቴሎች ውስጣቸው ትልልቅና ትንንሽ ኮር ተቀላቅሎ ስላለ የትኛው ስራ ለየትኛው ኮር ይሰጥ የሚለውን 11 ከ10 የተሻለ ያውቅበታል፣ አዳዲሶቹ ራይዘኖችም በ2024 በወጣው አፕዴት ጥሩ ጭማሪ አግኝተዋል፣ ኤችዲአር (ብርሃንና ቀለም አድምቆ የሚያሳይ) ሞኒተር ያለው ሰው ደግሞ አውቶ ኤችዲአር የሚባለውን ይወደዋል። ያንተው 7500 ግን አራት እኩል ኮር ያለው የ2017 ፕሮሰሰር ነው፣ ከነዚህ አንዱም አይመለከተውም። ስለዚ ኤፍፒኤስ ፍለጋ ከሆነ በቃ እርሳው።

ሌላው፣ ፕሮሰሰርህ 7ኛ ጀነሬሽን ነው፣ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 የሚቀበለው ደግሞ ከጥቂቶች በቀር ከ8ኛ ጀምሮ ነው። ልጁ በፍላሽ እጭንልሃለሁ ያለህ ያው ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም የዊንዶውስ 11ን የብቃት ቼክ አስወግዶ የተሰራ ፍላሽ ነው ማለት ነው። ይሄ ይሰራል፣ አይሰራም አልልህም፣ ብዙ ሰው እየተጠቀመበት ነው። ግን ማይክሮሶፍት እንደዚ ለተጫነ ኮምፒውተር ኃላፊነት አልወስድም ይላል፣ በየአመቱ የሚወጣው ትልቁ ቨርዥንም በራሱ አይመጣልህም፣ በየጊዜው ከ5 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል አውርደህ በእጅህ መጫን ሊኖርብህ ነው። ፍላሹ ላይ ያለው ደግሞ ላይት ወይ ጌመር ኤዲሽን የሚባለው ከሆነ ጭራሽ አትቀበለው። ማን ከውስጡ ምን እንዳወጣና ምን እንደጨመረ አይታወቅም፣ የስቲም (ጌም የምንገዛበት የቫልቭ ካምፓኒ መደብር) ፓስወርድህን እዛ ላይ ነው የምትጽፈው።

አሁን ወደ ቫሎራንት። ቫንጋርድ የሚባለው የቫሎራንት ቺት መከላከያ ዊንዶውስ 10 ላይ ብዙ አይጨቀጭቅም፣ ዊንዶውስ 11 ላይ ግን ቲፒኤም 2.0 (የሴኪዩሪቲ ቁልፎችን የሚጠብቅ ቺፕ) እና ሴኪዩር ቡት (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የታመነ ሶፍትዌር ብቻ የሚያስነሳ መከላከያ) ካልበሩ አላስገባም ይላል፣ ቫን 9001 የሚል ኤረር ያወጣና በቃ ይዘጋል። ጓደኞችህ ያዩት ይሄንን ነው። ያልነገሩህ ቫንጋርድ የፕሮሰሰር ጀነሬሽን እንደማይጠይቅ ነው፣ ሁለቱ ከበሩ ባንተ ማሽንም ይገባል። ችግሩ ሰፈር ውስጥ በችኮላ የሚጫኑት ዊንዶውሶች አብዛኞቹ ሌጋሲ በሚባለው በድሮው አጫጫን ስለሚጫኑ ሴኪዩር ቡት ማብራት አይቻልባቸውም።

ያንተ የቱ እንደሆነ ለማየት ስታርት ላይ ሲስተም ኢንፎርሜሽን ብለህ ፈልግና ክፈተው፣ በቀኝ በኩል ባዮስ ሞድ የሚል መስመር አለ፣ ዩኢኤፍአይ (አዲሱ አጫጫን) ካለ ደህና ነህ፣ ሌጋሲ ካለ ግን ተጠንቀቅ። ብዙ ልጆች እዚህ ጋ ነው የሚደነግጡት። ቪዲዮ አይተው ኤፍ2 ተጭነው ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ይገቡና ሌጋሲውን አጥፍተው ሴኪዩር ቡት ያበራሉ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ቡት የሚሆን ነገር አላገኘሁም ይላል፣ ፋይሌ ጠፋ ብለው ሮጠው ወስደው ፎርማት ያስደርጉታል። ምንም አልጠፋም እኮ! ባዮሱን ወደ ነበረበት ብትመልሰው እንደ ድሮው ይነሳል። ዲስኩ ኤምቢአር በሚባለው አይነት ስለተከፋፈለ ነው፣ ዊንዶውስ ራሱ ውስጥ ኤምቢአር2ጂፒቲ የሚባል መሳሪያ አለ፣ ፎርማት ሳታደርግ ይቀይርልሃል፣ ከዛ በኋላ ነው ባዮሱን የምትነካው። ከመጀመርህ በፊት ግን ፎቶና ዶክመንትህን ሌላ ቦታ ገልብጥ። ቲፒኤሙ 1.2 ሆኖ ካገኘኸው ደግሞ ዴል ሳይት ላይ በሞዴሉ ገብተህ የፈርምዌር አፕዴት ካለው እይ።

እኔ ብሆን ግን ይሄን ሁሉ አሁን አልነካካም ነበር። ዊንዶውስ 10 ላይ ቆይ፣ ግን ኢኤስዩ የሚባለውን የተራዘመ የሴኪዩሪቲ አፕዴት ተመዝገብ። እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 (ኦክቶበር 13፣ 2026) ድረስ ያቆይሃል፣ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብተህ ሴቲንግህን ሲንክ ካደረግክ ነፃ ነው፣ ያለዛ 30 ዶላር ያስከፍላል። ቨርዥንህ 22ኤች2 መሆን አለበት፣ ከዛ ሴቲንግ ውስጥ ዊንዶውስ አፕዴት ጋ ስትገባ ኤንሮል የሚል ይመጣልሃል። ስቲም ጥሎኝ ይሄዳል ብለህም አትስጋ፣ ዊንዶውስ 7 ሰፖርቱ ያለቀው በ2020 መጀመሪያ ላይ ነበር፣ ስቲም የተወው ግን በ2024 ነው።

እንደውም ካንተ ዊንዶውስ በፊት የሚያረጀው ካርድህ ነው። ኢንቪዲያ ለ1050 ቲአይ እና ለሌሎቹ የዛ ዘመን ካርዶች ለአዳዲስ ጌም የተስተካከለ ድራይቨር (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) መስጠቱን በኦክቶበር 2025 ጨርሷል፣ ከዛ በኋላ እስከ ኦክቶበር 2028 የሴኪዩሪቲ ጥገና ብቻ ነው። 10 ብትል 11 ብትል ይሄ አይቀየርም። ስለዚ ለልጁ የምትከፍለውን ብር ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ በጣም የሚፈጥን ዲስክ) ላይ አውለው። ጂቲኤ 5 ላይ በፍጥነት ስትነዳ መንገዱና ህንፃው ሳይመጣ መኪናህ ባዶ ሜዳ ላይ ሲሄድ አይተህ ታውቃለህ አይደል? እሱ ሃርድ ዲስኩ አልደርስ እያለ ነው። ትንሽ ከተረፈህ ደግሞ ራሙ አንድ ፍሬ 8 ጊጋ ከሆነ ተመሳሳዩን ሌላ 8 ጨምርና በሁለት ቻናል ይስራ፣ ሲኤስ 2 ላይ ልዩነቱን ወዲያው ታየዋለህ።

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የ15 ዓመት ልጅ አለኝ፣ በ2021 ጌሚንግ ላፕቶፕ ገዝተንለት ነበር። አሁን አዲሱ ኮል ኦፍ ዱቲ ዊንዶውስ 11 ካልሆነ አይሰራም፣ አዲስ ላፕቶፕ ግዙልኝ ብሎ አስጨነቀን። አባቱ ውሸቱን ነው ይላል። ላፕቶፑ ላይ የተለጠፈው አይ5 11ኛ ጀነሬሽን፣ አርቲኤክስ 3050 ይላል። እውነት መግዛት አለብን?

መልስ፦ እህታችን፣ ልጅዎ ሙሉ በሙሉ አልዋሸም፣ ትንሽ ወደራሱ ጎትቶት ነው። ብላክ ኦፕስ 7 የሚባለው ኮል ኦፍ ዱቲ የሚጠይቀው ቲፒኤም 2.0 እና ሴኪዩር ቡት ነው፣ ባትልፊልድ 6ም እንዲሁ ሴኪዩር ቡት ይፈልጋል። ቲፒኤሙም ሴኪዩር ቡቱም የእርስዎ ላፕቶፕ ውስጥ አሉ፣ ምናልባት አንዱ ጠፍቶ ከሆነ ማብራት ብቻ ነው። 11ኛ ጀነሬሽን ለዊንዶውስ 11 ብቁ ነው፣ አፕግሬዱም ነፃ ነው፣ ሴቲንግ ውስጥ ዊንዶውስ አፕዴት ጋ ገብቶ ዳውንሎድ ማለት ብቻ። ፒሲ ኸልዝ ቼክ የሚባለውን የማይክሮሶፍት አፕ አውርደው ልጅዎ አጠገብዎ ቁጭ ብሎ እያየ ይክፈቱት፣ ብቁ ነው የሚለውን አረንጓዴ ምልክት ሲያይ ክርክሩ ያልቃል።

እንዲህ ላለ ላፕቶፕ መቀየሩን እኔም እደግፋለሁ። ካልወደዳችሁት ደግሞ በ10 ቀን ውስጥ ሪከቨሪ ከሚለው ውስጥ ወደ ዊንዶውስ 10 መመለስ ይቻላል፣ ፋይሎቹ አይጠፉም። ራሙ 8 ጊጋ ብቻ ከሆነ ወደ 16 ማሳደጉ አዲስ ላፕቶፕ ከመግዛት እጅግ ይረክሳል። እግረ መንገዴን፣ ጌሙ ሽፋኑ ላይ ለ17 ዓመትና ከዛ በላይ ነው የሚለው፣ ይሄን ግን እኔ ነገርኩዎት እንዳይሉት።

ጥያቄ፦ ፍራንክፈርት ነው የምኖረው። የድሮ ራይዘን 5 1600 አለኝ፣ ዊንዶውስ 11 አልቀበልህም አለው። ከስራ በኋላ ዶታ 2 እና ሲኤስ 2 ብቻ ነው የምጫወተው። ሊኑክስ (በዊንዶውስ ምትክ የሚጫን ነፃ ሲስተም) ግባ የሚሉኝ ሰዎች አሉ፣ ያዋጣል?

መልስ፦ ላንተ ያዋጣል። የመጀመሪያው ትውልድ ራይዘን የዊንዶውስ 11 ብቁ ፕሮሰሰሮች ዝርዝር ውስጥ የለም፣ ሁለቱ ጌሞችህ ግን የቫልቭ ናቸው፣ ሊኑክስ ላይ በቀጥታ ይሰራሉ፣ ሌሎቹንም ስቲም ከ2018 ጀምሮ ፕሮቶን በሚባለው የዊንዶውስ ጌም ሊኑክስ ላይ በሚያስኬድ ፕሮግራም በኩል አብዛኞቹን ያስኬዳል። ሀሳብህን ቀይረህ ፎርትናይት፣ ቫሎራንት ወይ ባትልፊልድ 6 ካማረህ ግን እዛ በሩ ዝግ ነው፣ ቺት መከላከያቸው ሊኑክስን አያስገባም። ለመወሰን ጊዜ ከፈለግክ ደግሞ አውሮፓ በመሆንህ እድለኛ ነህ፣ እናንተ ጋ ኢኤስዩው ሲንክ እንኳን አድርግ ሳይልህ ነፃ ነው፣ አካውንትህን ማስገባት ብቻ ነው። ሌላ ትርፍ ኤስኤስዲ ካለህ ሊኑክሱን እሱ ላይ ጫንና ዊንዶውሱን ሳትነካ ሞክረው።

ጥያቄ፦ እኔስ አንዴ ቀየርኩ፣ ዊንዶውስ 11 ከገባ ወዲህ ጌም ላይ ይቆራርጥብኛል። ምን ይሻለኛል? ከባህር ዳር።

መልስ፦ መጀመሪያ የግራፊክስ ካርዱን ድራይቨር ካምፓኒው ሳይት ላይ ገብተህ እንደ አዲስ ጫን፣ አፕግሬድ ሲደረግ ዊንዶውስ የራሱን ያረጀ ድራይቨር ሊያስገባ ይችላል። ካልተሻለ ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ውስጥ ኮር አይሶሌሽን የሚለው ጋ ግባና ሜሞሪ ኢንተግሪቲ በርቶ እንደሆነ እይ፣ ይሄ ነገር ኤፍፒኤስ ይቀንሳል፣ አሮጌ ፕሮሰሰር ላይ ደግሞ ይብሳል። ማይክሮሶፍት ራሱ ጌመሮች ሊያጠፉት ይችላሉ፣ ተጫውተው ሲጨርሱ ግን መልሰው ያብሩት ብሏል። ክራክ የተደረገ (ሳይገዛ የሚጫን) ጌምና ያልታወቀ ፋይል የምታወርድ ልጅ ከሆንክ ባትነካው ነው የምመክርህ፣ እሱ ነው የሚጠብቅህ።

ራይዘን ከሆነ ያለህና በየሰዓቱ ወይ አልፎ አልፎ ድምፁም ምስሉም ለአንድ ሁለት ሰከንድ ቀጥ እያለ የሚቀጥል ከሆነ ግን ሌላ ነው ነገሩ። ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ቲፒኤም ያመጣው ችግር ነው፣ ኤኤምዲ በ2022 አምኖ ለማዘርቦርድ ሰሪዎች ማስተካከያ ሰጥቷል፣ ከዛ ወዲህ የወጣ ባዮስ ስትጭን ይጠፋል። ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) ሳትሰካ ግን ባዮስ አፕዴት እንዳትጀምር፣ መሃል ላይ መብራት ከሄደ ማዘርቦርዱ ላይነሳ ይችላል።