የምትመኙትን መንገድ በሁለት ደቂቃ ለመናገር

የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

አይልትስ በሚባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ መለኪያ የንግግር ፈተና «ልትሄዱት የምትመኙትን የመኪና ጉዞ ግለጹ» የሚል ካርድ የደረሰው ልጅ ብዙ ጊዜ ሐሳቡ ወዲያው ወደ አሜሪካ ይሄዳል። ስለ ካሊፎርኒያ፣ ስለ ባሕር ዳርቻው፣ ጣሪያው ስለሚከፈተው መኪና ይጀምርና አርባ ሰከንድ ሳይሞላው ወሬው ያልቅበታል። ስላላየው አገር ያሉት ቃላት ቆንጆ፣ ትልቅና ዘመናዊ ብቻ ናቸውና። ፈታኙ የአገሩን ርቀት ወይም የጉዞውን ውድነት አይመዝንም። ነጥቡ በአራት መመዘኛዎች እኩል የተከፈለ ነው፦ ንግግሩ ሳይቆራረጥ ተያይዞ መሄዱ፣ የቃላት ሀብት፣ የሰዋስው ስፋትና ትክክለኛነት፣ የድምፅ አወጣጥ። አራቱም የሚገኙት በዝርዝር ከምታውቁት ነገር ነው። ስለዚህ የአገራችሁን መንገድ ምረጡ።

እኔን ብትጠይቁኝ ከደሴ በኮምቦልቻና በባቲ አድርጎ ወደ አፋር የሚወርደውን እመርጥላችኋለሁ። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርዱ ጠመዝማዛው፣ ጭጋጉ፣ በከባድ ማርሽ ቀስ ብሎ የሚወርደው የጭነት መኪና አለ። ኮምቦልቻ ስትደርሱ፣ ገና 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዳችሁ፣ ጃኬት ይወልቃል። ባቲ ሰኞ ከደረሳችሁ የደጋው ገበሬና የአፋሩ አርብቶ አደር የሚገናኙበት ገበያ፣ ግመሉም አለላችሁ። ቁልቁል ሚሌ፣ ከዚያም ሎጊያና ሰመራ ከ500 ሜትር በታች ናቸው። ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም. የተገኘችበት ሐዳርም በዚሁ አቅጣጫ ነው። ብርዱን፣ ገበያውን፣ በረሃውንና የሰው ዘር ታሪክን አንድ መንገድ ይዞላችኋል። ፈታኙ ባቲን ባያውቅ እሰየው ነው፤ «በደጋውና በበረሃው መካከል ያለች የገበያ ከተማ» ብላችሁ ስታስረዱት የቃላት ችሎታችሁ የሚታየው ያኔ ነው። ባጃጅ ካላችሁም «ባለ ሦስት እግር ታክሲ» ብላችሁ በአንድ ሐረግ አብራሩና እለፉ።

የፈተናውን ቅርጽ ልብ በሉ። ጠቅላላው ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ነው። ካርዱ የሚሰጠው በሁለተኛው ክፍል ሲሆን አንድ ደቂቃ መዘጋጃ፣ ወረቀትና እርሳስ ታገኛላችሁ፤ ከዚያ ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ትናገራላችሁ። ሁለት ደቂቃ ሲሞላ ፈታኙ ያቋርጣችኋል። አብሽሩ፣ መቋረጥ ነጥብ አያስቀንስም። የሚጎዳው ቀድሞ ዝም ማለት ነው።

በመዘጋጃው ደቂቃ ሙሉ ዓረፍተ ነገር የሚጽፉ ልጆች ሁለት መስመር ሳይጨርሱ ጊዜው ያልቅባቸዋል፤ ከዚያ ያቺኑ እያነበቡ ድምፃቸው ይደርቃል። ከስምንት እስከ አሥር ቃል ይበቃል፤ ያውም በቀጥታ በእንግሊዝኛ። በአማርኛ አስባችሁ ከተረጎማችሁ አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ በየዓረፍተ ነገሩ መሃል ግሥ ፍለጋ ትቆማላችሁ። ካርዱ የት፣ ከማን ጋር፣ በምንና ለምን ብሎ ይጠይቃልና በየጥያቄው ሥር ሁለት ሁለት ቃል ጣል አድርጉ፦ ባቲ፣ ሰኞ፤ አክስት፣ ታናሽ ወንድም፤ ሚኒባስ፣ ቁልቁለት፤ ግመል፣ ሙቀት። «ለምን» የሚለው ዘወትር ይራባል። መንገዱን ሲተርኩ ሁለቱ ደቂቃ ያልቃል፤ ምክንያቱ ግን ከሁሉ የበለጠ ሐሳብ የሚያወጣ ነው። ቢያንስ የመጨረሻውን ሠላሳ ሰከንድ ለሱ አስቀሩለት።

አሁን ወደ ሰዋስው፣ ብዙ ነጥብ ወደሚፈስበት ቦታ። ይህ ጉዞ ገና ምኞት ነው። ስለዚህ መሠረቱ «አይ ዉድ ላይክ ቱ»፣ «ዊ ዉድ ስቶፕ» ነው። የሚበላሸው ከሦስተኛው ዓረፍተ ነገር በኋላ ነው፤ ተናጋሪው ትረካ ውስጥ ሲገባ «ዊ ዌንት»፣ «ዊ ሶው» እያለ ያልሄደውን እንደ ሄደ ያወራል። አንዳንዱ ደግሞ ይህን ፈርቶ ሁሉንም በ«ዉድ» ያስረዋል፤ ያም ልክ አይደለም። ቦታው ሁልጊዜ እንዲህ ከሆነ የአሁን ጊዜ ተጠቀሙ፦ መንገዱ ይወርዳል፣ ገበያው ሰኞ ይቆማል። በእርግጥ የሆነ ነገር ካነሳችሁ ኃላፊ ጊዜ፦ የኮምቦልቻ ሾፌሮች ድሮ በዚህ መንገድ አሰብ ድረስ ጭነት ያመላልሱ ነበር። ምኞቱን በ«ዉድ»፣ ቦታውን በአሁን፣ ታሪኩን በኃላፊ ስትናገሩ ሦስቱም በየቦታቸው ሲውሉ ይሰማል። ፈታኙ የሰዋስው ስፋት የሚለው ይህንኑ ነው። ብዙ ዓይነት የግሥ ጊዜ እንዲህ በቀላሉ የሚያስገኝ ካርድ ብዙ የለም፤ ተጠቀሙበት።

በቃላት በኩል ረጃጅሙን አታሳድዱ። ለሐረጎ መታጠፊያ «ሄርፒን ቤንድ»፣ ለጉዞ መነሳትን «ሴት ኦፍ»፣ ዳር ይዞ መቆምን «ፑል ኦቨር»፣ ውሃና ስንቅ መያዝን «ስቶክ አፕ ኦን» በሉ። እነዚህ የመንገድ ቃላት ከ«ቬሪ ቢዩቲፉል» አሥር ጊዜ ይሻላሉ። በድምፅ አወጣጥ «እስቶፕ»፣ «እስትሬት» እያላችሁ ከፊት «እ» አትጨምሩ። «ስቶፕድ»ን እንደ ሁለት ቀለም «ስቶፕ-ኤድ» አትበሉት፤ መጨረሻው አጭር «ት» ነው። «ስሪ» (ሦስት) ስትሉ ምላስ በጥርስ መሃል ይውጣ።

በቴሌግራም የሚዞሩትን የተዘጋጁ መልሶች አትሸምድዱ። ፈታኞች የተሸመደደ ንግግርን ለመለየት ሠልጥነዋል፤ ከካርዱ በኋላ በሚመጡት ጥያቄዎች ላይም ቋንቋው ባንድ ጊዜ ሲወርድ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። በምትኩ በስልካችሁ ቅዱ። አንድ ደቂቃ አዘጋጁ፣ ሁለት ደቂቃ ተናገሩ፣ ከዚያ መልሳችሁ ስትሰሙ አንድ ነገር ብቻ ፈልጉ፦ ዛሬ «ዉድ» የጠፋበትን ቦታ፣ ነገ ረጅሙን ዝምታ። ሁሉንም ባንድ ጊዜ ለማረም የሞከረ ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። ከፒያሳ ስትመለሱም ጓደኛችሁ አብሯችሁ እየሄደ ይጠይቃችሁ፤ የሰው ፊት እያዩ መናገር ከስልክ ይለያል።

ሦስተኛው ክፍል ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ነው፤ ከካርዱ ርዕስ ተነስቶ ወደ ሰፊ ጉዳይ ይሄዳል። ሰዎች ድሮ እንዴት ይጓዙ ነበር? መንገድ ለከተማ ምን ይጠቅማል? ባቡር ወይስ መኪና? እዚህ «አይ ቲንክ ኢትስ ጉድ» ብሎ ማቆም አይበቃም። ሐሳብ፣ ምክንያት፣ ምሳሌ ያስፈልጋል፤ ምሳሌውም ኮምቦልቻ ራሷ ናት፦ ወደብ የሚያደርስ መንገድ ዳር መሆኗ ለፋብሪካዎቿ ምን እንደጠቀመ ማሰብ ትችላላችሁ።

ፈተናው አዲስ አበባ ከሆነ መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ግቡ። የንግግሩ ቀን ከጽሑፉ ቀን ሊለይ ስለሚችል ቀጠሮውን ሁለቴ አረጋግጡ፤ የተመዘገባችሁበትን ፓስፖርትም ያንኑ ያዙ።