የሰሌዳው ነገር

ጥያቄ፦ ከዳላስ ወደ ካንሳስ ጭነት ሳመላልስ፣ ኦክላሆማ ላይ «ቸሮኪ ኔሽን» የሚል ሰሌዳ የለጠፉ መኪኖች አያለሁ። አሜሪካ ውስጥ ሌላ አገር አለ እንዴ?
የጭነት መኪና ሹፌር

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደህና አድርገህ አይተሃል። ቸሮኪዎች የአገሩ ነባር ሕዝብ ናቸው። የራሳቸው ሕገ መንግሥት፣ ምክር ቤት፣ ፍርድ ቤትና የሚመርጡት አለቃ አላቸው። ከሰሌዳው ገቢ ከፊሉ ለትምህርት ቤቶች ይሄዳል። ይህን የራስ አስተዳደር ማንም በችሮታ አልሰጣቸውም። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ከመሬታቸው በግድ ሲነዱ ሺዎች ሞተውባቸዋል። አስተዳደራቸውን ግን ኦክላሆማ ላይ እንደገና አቆሙ።

እኔን የነካኝ ፊደላቸው ነው። መዲናቸው ታለኳ ሄጄ የመንገድ ስም በፊደላቸው ተጽፎ ሳይ ቆሜ ቀረሁ። ሴኮያ የተባለ ሰው እንግሊዝኛ ማንበብ ሳይችል ለዓመታት ደክሞ እ.ኤ.አ. በ1821 ጨረሰው። እንደ ሀ ሁ ሂ ነው፤ ዛሬ 85 ምልክቶች አሉት። በ1828 ጋዜጣ አሳተሙበት። ኮምፒውተር ፊደል የሚያውቅበት ዩኒኮድ ውስጥም የእኛና የእነሱ ፊደል የገቡት በአንድ እትም፣ በ1999 ነው! አሁን ልጆቻቸው በቸሮኪኛ የሚማሩበት ትምህርት ቤት አላቸው።

ጊዜ ስታገኝ ታለኳ ጎራ በል። የድሮው ምክር ቤታቸው ዛሬ ሙዚየም ነው።