አጥንቱን ነው የምትወጂው ወይስ ጥያቄውን?

ሰሞኑን አንዲት የአካውንቲንግ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ጻፈችልኝ። ትርፍ ጊዜዋን የምታሳልፈው የዳይኖሰር ቅሪተ አካል በመሰብሰብና በመገጣጠም ነው። ከድንጋይ አላቅቃ ያጸዳቻቸው አጥንቶች አሏት፣ በጀሶ ያወጣቻቸው ቅጂዎችም አሏት። አሁን አንድ የኋላ እግር ለማቆም እየታገለች ነው። እንዲህ ትላለች፦ «አካውንቲንጉን ትቼ ፓሊዮንቶሎጂ፣ የቅሪተ አካል ጥናት፣ ከዜሮ ልጀምር? አሜሪካዊው የዳይኖሰር ተመራማሪ ጃክ ሆርነር ያለ ዲግሪ ነው የተሳካለት። አባቴ ‹የልጅ ጨዋታ ይብቃሽ፣ አውጥተሽ ጣይው› ይለኛል። ወንድሜ ደግሞ ‹ሽጪው፣ ሚሊዮን ያወጣል› ይላል። ሲቪዬ ላይ ብጽፈውስ ይስቁብኛል?»

እህቴ፣ ካነሳሻቸው ነገሮች ሁሉ ዋናው የመጀመሪያው ጥያቄሽ ነው። እሱ ላይ ልቆይ።

ከደብዳቤሽ እንደገባኝ የሚታይሽ ሁለት መንገድ ብቻ ነው። ወይ ዶክትሬት ይዞ ፕሮፌሰር መሆን፣ ወይ አጥንቱን ካርቶን ውስጥ ከትቶ ቢሮ መግባት። ይህ አከፋፈል ያናድደኛል። የእጅ ሙያን ከቁም ነገር የማይቆጥር ሰው ያወጣው ነው።

እስኪ አንድ ነገር ራስሽን ጠይቂ። አጥንት ይዘሽ ስትቀመጪ ምን እያሰብሽ ነው የሚመሽብሽ? «ይህ እንስሳ በስንት ዓመቱ አደገ? የአጥንቱ ውስጥ ለምን ባዶ ሆነ? ዘመዱ ማን ነው?» የምትዪ ከሆነ ጥያቄውን ነው የምትወጂው። እንግዲያውስ ባዮሎጂና ጂኦሎጂ መማር አለብሽ፣ ስታትስቲክስም አይቀርልሽም። ብዙ ዓመት ይፈጃል። ሥራው ሲገኝም አብዛኛው ቀን ኮምፒውተር ላይ ነው፦ ጽሑፍ፣ ማስተማር፣ የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ። ቁፋሮ የሚወጣው በዓመት ለጥቂት ሳምንታት ነው። የምታስቢው «ይህ ስንጥቅ ከየትኛው ጋር ይገጥማል? ይቺን የመጨረሻ የድንጋይ ቅርፊት አጥንቱን ሳልጭር እንዴት ላንሳት?» ከሆነ ግን የምትወጂው አጥንቱን ነው።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ሙጫ አንድ ሙሉ አንቀጽ ጽፈሻል። ስለ አንዲት የተሰበረች የአከርካሪ አጥንትም እንዲሁ። እንስሳው እንዴት ይኖር እንደነበር ግን አንድ መስመር የለም።

እንዳንቺ ላለ ሰው የተሰራ ሙያ አለ። ቅሪተ አካል አዘጋጅ ይባላል፤ በትልልቅ ሙዚየሞች ራሱን የቻለ የሥራ መደብ ነው። ሜዳ ላይ አጥንቱ ከነድንጋዩ ይቆፈርና በጀሶ በተነከረ የጆንያ ጨርቅ ይጠቀለላል። ቤተ ሙከራ ሲደርስ ጀሶው ይከፈታል። ከዚያ በታመቀ አየር በሚንቀጠቀጥ ቀጭን መርፌ፣ በማይክሮስኮፕ እየታየ፣ ድንጋዩ በትንሽ በትንሹ ይነሳል። የጥርስ ሐኪም መንቀሻዎችም ጠረጴዛው ላይ አይጠፉም። እኔ ወደ ምክር ሥራ ሳልመጣ በፊት ሰው ሠራሽ ጥርስ እሠራ ስለነበር ለእነዚህ መሣሪያዎች ባዳ አይደለሁም። እጅሽ ላይ ያለው ችሎታ በስንት ትዕግሥት እንደሚመጣ አውቃለሁ።

ሙጫን በተመለከተ ደግሞ ልምድሽን ቀይሪ። «ቶሎ ስለሚይዝ ሱፐር ግሉ እጠቀማለሁ» ብለሻል። ባለሙያዎቹ የሚመርጡት እንደ ፓራሎይድ ቢ-72 ያለ፣ በአሴቶን ተመልሶ የሚሟሟ ሙጫ ነው። ነገ አንድ ሰው መገጣጠሚያውን መፍታት ሊያስፈልገው ይችላል። የአቧራ ጭምብል ሳታደርጊ ድንጋይ አትፈልፍዪ፤ ሲሊካ ያለው ብናኝ ሳንባ ይጎዳል።

የሥራውን ልክ እንድታይው ቺካጎ ፊልድ ሙዚየም ያለችውን «ሱ» የተባለችውን የቲራኖሶረስ ዳይኖሰር አጽም ልጥቀስልሽ። በ1990 ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ ተገኘች፣ በ1997 በጨረታ ወደ 8.4 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች፣ ለሕዝብ የቀረበችው ግን በ2000 ነው። ከ250 በላይ አጥንቶቿን ማጽዳትና ማቆም በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የሥራ ሰዓት ፈጅቷል። የራስ ቅሏ ከባድ ስለሆነ አጽሙ ላይ የተሰቀለው ቅጂ ነው፤ ዋናው ለብቻው ይታያል። ያንን ቅጂ ያወጣው ሰው የሠራው አንቺ ማታ ማታ የምትሠሪውን ነው።

የሆርነርን ታሪክ ደግሞ ከመሃል ነው የጀመርሽው። ዲግሪውን አልጨረሰም እንጂ ሞንታና ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት ጂኦሎጂና ዙኦሎጂ ተምሯል። በ1975 ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ሲገባም በቴክኒሻንነት ነው። ከዚያ በኋላ ነው፣ በ1978፣ ማሪዮን ብራንድቮልድ የተባለች የድንጋይ ሱቅ ባለቤት ያገኘቻቸውን ጥቃቅን አጥንቶች አይቶ የዳይኖሰር ጫጩቶች መሆናቸውን የለየው። እሱን ካነሳሽ አይቀር በየትኛው በር እንደገባ ልብ በዪ።

ስለ ገንዘቡ አልዋሽሽም። የሥራ መደቡ ጥቂት ነው፣ ብዙው የኮንትራት ነው፣ ደመወዙም ከአካውንታንት ያንሳል። በዚያ ላይ በብዙ ሙዚየሞች ሥራውን የሚያግዙት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ስለዚህ ዲግሪሽን ጨርሺ። ከዜሮ መጀመር የሚባለውን ለጊዜው እርሺው። ከዚያ ደመወዝ እያገኘሽ፣ ቅሪተ አካል የሚጸዳበት ቤተ ሙከራ ፈልገሽ በበጎ ፈቃደኝነት ግቢ። ለአንድ ዓመት ያህል ሌሎች የመረጡልሽን አሰልቺ አጥንት አጽጂ። ከዚያ በኋላም ካልሰለቸሽ ያኔ ስለ ሙያ እናወራለን።

አካውንቲንጉ ደግሞ የባከነ አይደለም። ሙዚየም ውስጥ ስብስብን የሚመዘግብና የሚቆጣጠር ሰው የግድ ነው። ያንቺን ስብስብ ራሱ እንደ ሒሳብ መዝገብ ያዢው፦ የት ተገኘ፣ ከየትኛው የድንጋይ ንብርብር፣ መቼ፣ በማን። ስትገጣጥሚም የትኛው እውነተኛ አጥንት፣ የትኛው ጀሶ፣ የትኛው ከሌላ እንስሳ የተወሰደ እንደሆነ ጻፊ። መገኛው ያልታወቀ አጥንት ለተመራማሪ እምብዛም አይጠቅምም። የስብስብሽ ግማሽ ምልክት የለውም ማለትሽ ከሁሉም በላይ አስደንግጦኛል። ዛሬውኑ ጀምሪ።

አባትሽ ሥራው ጠባብ ነው ማለታቸው ልክ ነው። «ጣይው» ማለታቸው ግን ልክ አይደለም። ውጤትሽ አልወረደም፣ ዕዳ ውስጥ አልገባሽም። እንግዲህ ቅዳሜሽን በምን እንደምታሳልፊ የሚወስነው ማን ነው? በአክብሮት ንገሪያቸው፣ አትጨቃጨቂ፣ አጥንቱንም አትጣይ።

ሲቪ ላይ «ትርፍ ጊዜ» ከሚለው ስር አታድርጊው፤ ማንም አያነበውም። «ችሎታ» በሚለው ስር የቅርጽ ማውጫ (ሞልድ) መሥራትና ቅጂ ማውጣት፣ በማይክሮስኮፕ የሚሠራ ጥቃቅን ሥራ፣ የስብስብ ምዝገባ ብለሽ ጻፊ። በፊትና በኋላ የተነሱ ፎቶዎች አያይዢ። የሚስቅ ይሳቅ።

ወንድምሽ የሰማው በ2024 ኒውዮርክ ውስጥ በ44.6 ሚሊዮን ዶላር የተሸጠውን ስቴጎሶረስ የተባለ ዳይኖሰር ሳይሆን አይቀርም። እሱ ሊሟላ ትንሽ የቀረው አጽም ነው፤ ያንቺ ሁለት ካርቶን ቁርጥራጭ ነው። በ2012 እዚያው ኒውዮርክ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ የተጫረተው ታርቦሶረስ የተባለ ሌላ ዳይኖሰር ከሞንጎሊያ በሕገወጥ መንገድ የወጣ ሆኖ ተገኝቶ፣ በዓመቱ ወደ አገሩ መመለሱንም ንገሪው። የመሬቱ ባለቤት ፈቃድና ሕጋዊ ወረቀት የሌለውን አጥንት አትግዢ፣ አትሽጪ። ከራስሽ አጥንት ያወጣሽውን ቅጂ ግን «ቅጂ» ብለሽ ጽፈሽበት ለትምህርት ቤት ብትሸጪ ምንም ችግር የለውም፤ የጀሶውንና የአሴቶኑን ወጪ ይሸፍንልሻል።