«ፈሮው» ከእርሻ እስከ ግንባር

እህቴ፣ «ፈሮው (furrow) የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል መዝገበ ቃላት ‹ትልም› ይለዋል፤ የማነበው ልብ ወለድ ውስጥ ግን የሰውዬው ግንባር ላይ መጣብኝ፤ ሽብሽብ ልበለው?» ብለሽ ጠይቀሻል። ትርጉም ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ስለቆየሁ የገጠመኝን ልንገርሽ።

የቃሉ ቤት እርሻ ነው። ማረሻ መሬቱን ሰንጥቆ ሲያልፍ የሚተወው ቦይ ነው፤ የእኛ ገበሬ ፈር ወይም ትልም የሚለው። (ፈርና ፈሮው በድምፅ መመሳሰላቸው አጋጣሚ ነው፤ ዝምድና የላቸውም።) ልጅ ሆኜ ጎጃም እርፍ ስጨብጥ ግራው በሬ ወደ ዳሩ ሣር ይስብብኝ ነበር፤ አባቴ ከኋላዬ «ፈር አስይዘው!» ይላል። ቃሉን ባየሁ ቁጥር የሚመጣብኝ ያ ድምፅ ነው።

ግንባር ላይ ሲሆን ግን ተጠንቀቂ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን «ግንባሩ ተሸበሸበ» ብዬ ተረጎምኩ። አርታዒው አንብበው «ይህ ሰው ስንት ዓመቱ ነው?» አሉኝ። 25 ነበር! ደብዳቤ እያነበበ ሐሳብ የገባው ወጣት ነው፤ እኔ በአንድ ቃል አስረጀሁት። ሽብሽብን ለ«ሪንክል» (wrinkle) ተዪለት። ፈሮው ግሥ ሆኖ ሲመጣ «ግንባሩን ቋጠረ» ወይም «ቅንድቡን ሰበሰበ» በዪ፤ «ተኮሳተረ» ቁጣ ካለ ብቻ። ስም ሆኖ በሽማግሌ ፊት ላይ ከመጣ ደግሞ ከሽብሽብ የጠለቀ መስመር ነው፤ «እንደ ትልም የጠለቀ» ቢባል ያምርበታል። ከፈሮው ጋር የሚምታታው «ግሩቭ» (groove) ሌላ ነው፤ በድሮ ሸክላ ላይ መርፌዋ የምትሄድበትን መስመር አስቢ።

የፈረስ እሽቅድምድም ዜና ላይ «ፈርሎንግ» ካየሽ ከዚሁ ቃል የወጣ ነው፤ የአንድ ፈር ርዝመት ማለት ሲሆን 201 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ 8ቱ አንድ ማይል ነው።

ከሁሉም የሚደንቀኝ ሐኪሞች የበሽተኛን መቃዠት የሚጠሩበት «ዴሊሪየም» ነው። በላቲን መነሻው ከፈር መውጣት ነው። እኛም ነገር መስመሩን ሲስት «ፈሩን ለቀቀ» እንላለን። የሮማው ገበሬም የጎጃሙም ያዩት ያንኑ ከመስመር የወጣ በሬ ነው።

እንግሊዞች ብቻውን በያዘው መንገድ የጸናን ሰው «ብቸኛ ፈሮው ያርሳል» ይሉታል። እዚህ ላይ «ፈር ቀዳጅ» ለማለት እጅሽ ይቸኩላል፤ እኔም ቸኩዬ አውቃለሁ። ፈር ቀዳጅ ግን ተከታይ አለው፤ ይኼኛው የለውም።