«የሮማውያን ቤተ ክርስቲያን» ይባላል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ባርሴሎና ነው። በፒሬኔ ተራሮች፣ በታኡል መንደር ስላለው የሳንት ክሊመንት ቤተ ክርስቲያን በአማርኛ አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። «በ1123 የተመረቀ የሮማውያን ቤተ ክርስቲያን» ብል ያስኬዳል? የውስጡን ክፍሎችስ መቅደስ፣ ቅድስት፣ ቅኔ ማኅሌት ልበላቸው?

መልስ፦ «የሮማውያን» አያስኬድም። አንባቢ ወይ የጥንት ሮማውያን የሠሩት ይመስለዋል፣ ወይ የሮማ ካቶሊክ ለማለት የፈለጉ። ካቶሊክነቱ እውነት ነው፤ እርስዎ ግን የሚያወሩት ስለ አሠራሩ ነው። ምዕራባዊው የሮም መንግሥት የወደቀው እ.ኤ.አ. በ476 ነው። ይህ ሕንፃ የመጣው ከ600 ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው። «ሮማነስክ» የሚለው ስያሜም የወጣው በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው፤ ግማሽ ክብ ቅስቱ የሮማውያንን ግንባታ ስለሚያስታውስ። ስለዚህ «በሮማነስክ ስልት የተሠራ» ይበሉ። ባዕድ ቃል ነው፣ ግን አያሳስትም።

ክፍሎቹን በተመለከተ፣ የእኛን ቃል የምንዋሰው አገልግሎቱ ሲገጥም ነው፤ ቦታው ስለተቀራረበ ብቻ አይሆንም። ቅኔ ማኅሌት ካህናትና ደብተራዎች ማኅሌት የሚቆሙበት ነው። የታኡሉ ረጅም አዳራሽ ግን የምእመናን መቆሚያ ነው። በሁለት ረድፍ ዓምዶች ለሦስት ተከፍሏል፤ ጣሪያው እንጨት ነው። «የመሀል አዳራሽ» እና «የጎን አዳራሾች» ቢሉት ይበቃል። ቅድስት የሚባል ክፍል ስለሌለው ይተዉት። በምሥራቅ በኩል በግማሽ ክብ ወደ ውጭ የወጡት ክፍሎች ሦስት ናቸው። ዋናው መንበር ያለበትን የመሀሉን «መቅደስ» ማለት ይችላሉ፤ ቅርጹን ግን አብረው ይግለጹ። ከጎን የቆመውን ረጅም ሕንፃ «የደወል ማማ» ይበሉት።

የግድግዳው ሥዕል ላይ ሲደርሱ ደግሞ ቃል አይቸግርዎትም። ጌታ በዙፋኑ ተቀምጦ፣ ቀኝ እጁን ለቡራኬ አንሥቷል፤ በግራው የያዘው መጽሐፍ ላይ በላቲን «እኔ የዓለም ብርሃን ነኝ» ተጽፏል። ምሁራኑ «ፓንቶክራቶር» የሚሉት ይህንን ነው። በግእዙ «አኃዜ ኵሉ» (ሁሉን የያዘ) ነው፣ ልክክ ይላል። በዙሪያው ያሉትንም «አራት እንስሳት» ብለው አያሳንሷቸው፤ «አርባዕቱ እንስሳ» ናቸው። ዋናው ሥዕል ከግድግዳው ተነሥቶ እዚያው እርስዎ ከተማ፣ የካታሎኒያ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ስለሚገኝ ሄደው ይዩት።

«ተመረቀ» ስሕተት አይደለም፤ ሆኖም ትምህርት ቤትም ድልድይም ይመረቃል። ለቤተ ክርስቲያን «ቅዳሴ ቤቱ ተከበረ» የሚል የራሱ አነጋገር አለን። እዚያው ዓምድ ላይ በቀለም የተጻፈው ጽሑፍም የሚናገረው ይህንኑ ነው፦ የባርባስትሮው ጳጳስ ራሞን መጥተው ቤተ ክርስቲያኑን በሰማዕቱ በቅዱስ ክሊመንት ስም እንደ ቀደሱት። ይህ ቅዱስ በእኛ መጻሕፍት ቀሌምንጦስ ይባላል፤ አንድ ጊዜ ቢጠቅሱት አንባቢዎ ወዲያው ያውቀዋል። ቀኑ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 10 ቀን 1123 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 1116 ዓ.ም.። «እ.ኤ.አ.» የምትለዋን እንዳይረሷት።