ባለቤትህ ገላዋን ስትታጠብ የሚበርድ ሞተር

አንድ አንባቢ ከለንደን ጽፎልኛል። የቤት ኪራይ ሲያማርረው ከባለቤቱ ጋር ተመካክረው አሮጌ ናሮውቦት ገዙ። ናሮውቦት ማለት እንግሊዝ አገር ካናል ላይ የሚሄደው ያ ቀጭንና ረጅም የብረት ጀልባ ነው። ወርዱ ከ2 ሜትር እምብዛም አያልፍም፣ የነሱው ርዝመቱ 17 ሜትር ነው። መኝታው፣ ኩሽናው፣ ሻወሩ ሁሉም እዚያው ውስጥ ነው። ከኋላ 38 የፈረስ ጉልበት ያለው የናፍጣ ሞተር አለ። ችግሩን በራሱ ቃል ላስቀምጠው፦

«ጋሼ፣ ጠዋት ስንነሳ ሞተሩ ደህና ነው። አርባ ደቂቃ ያህል ከሄድን በኋላ ሙቀቱ መውጣት ይጀምራል። ቀስ ካልኩ ባለበት ይቆማል፣ ነዳጅ ከሰጠሁት 100 ይጠጋል። ሊ ወንዝ ላይ ሽቅብ ስንሄድ ይብስበታል። አንድ መካኒክ የውሃ ፓምፑን ቀየረ። ሌላው ቴርሞስታቱን አውጥቶ ጣለው። ምንም ለውጥ የለም። በየቀኑ ሁለት ሊትር ውሃ እጨምርበታለሁ። ባለፈው ክዳኑን ስከፍተው ፈልቶ ጣሪያ ነካ። አንድ የገረመኝ ነገር፣ እየሄድን ባለቤቴ ገላዋን ስትታጠብ ሙቀቱ ይወርዳል። በፋሲካ ሰሞን ከላይምሃውስ ተነስተን በቴምዝ ወንዝ ወደ ብሬንትፎርድ ልንሄድ አስበናል። ምን ይመክሩኛል?»

በመጀመሪያ ክዳኑ። ወንድሜ፣ የጋለ ሞተር የውሃ ክዳን አይከፈትም። አይከፈትም! ግራ ክንዴ ላይ መዳፍ የሚያህል ጠባሳ አለኝ። ያኔ ሶማሌ ተራ አካባቢ ጋራዥ ውስጥ ረዳት ነበርኩ። የአንድ ኤንትሬ የጭነት መኪና የራዲያተር ክዳን በጨርቅ ይዤ ግማሽ ዙር አዞርኩት፣ ቀሪውን ግማሽ እሱ ራሱ ጨረሰው። ፊቴ የተረፈው ጎንበስ ስላላልኩ ብቻ ነው። ግፊት የያዘው ውሃ ከ100 ዲግሪ አልፎም ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑ በላላ ቅጽበት ግን ሁሉም ባንዴ ይፈላል። ሞተሩን አጥፋ፣ ሻይህን ጠጣ። ክዳኑ ያለበት ታንክ ላይ እጅህን አሳርፈህ የማያቃጥልህ ሲሆን ያኔ ክፈተው።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ደብዳቤህን እያነበብኩ «ገላዋን ስትታጠብ» የሚለው ላይ ስደርስ ሳቄ መጣ። መልሱን እኮ ራስህ ጽፈኸዋል። ሞተርህ ጤነኛ ነው ብዬ እገምታለሁ። የታመመው ማቀዝቀዣው ነው። ስኪን ታንክህ ውስጥ፣ ማለትም የሞተሩ ውሃ የሚበርድበት የብረት ሳጥን ውስጥ፣ አየር ታምቋል።

እንዴት አወቅህ ብትለኝ፣ ሞተሩ ያሞቀው ውሃ ሁለት ቦታ ይሄዳል። አንደኛው ስኪን ታንኩ ነው። ሁለተኛው የሻወር ውሃ የሚያሞቀው በርሜል፣ ካሎሪፋየር የሚሉት ነው። ጠዋት በርሜሉ ቀዝቃዛ ስለሆነ የሞተሩን ሙቀት ይጠጣል። ሃምሳ ሊትር ውሃ እስኪሞቅ አርባ ደቂቃ ቢወስድ አይገርምም። ከዚያ በርሜሉ ይጠግባል፣ ሙቀቱም መሄጃ ያጣል። ባለቤትህ ስትታጠብ ሙቁ ውሃ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ይገባል፣ በርሜሉ እንደገና መጠጣት ይጀምራል። የስኪን ታንኩን ሥራ እየሠራችልህ ያለችው እሷ ናት።

ፕሮፔለሩ ላይ ፌስታል ወይም ልብስ ተጠምጥሞ ቢሆን ኖሮ ጥቁር ጭስ ታይ ነበር፣ ጀልባውም ይጎተትብህ ነበር። የለንደን ካናል የማይጥልብህ ነገር የለም፣ የፍራሽ ሽቦ ሳይቀር አውጥቻለሁ። አንተ ግን ስለ ጭስ አላነሳህም፣ ችግሩም ከጠዋቱ ሳይሆን በርሜሉ ሲሞቅ ነው የሚጀምረው። ቢሆንም አንዴ እየው። ሞተሩን አጥፋ፣ ቁልፉን ነቅለህ ኪስህ ክተት፣ ከዚያ በፕሮፔለሩ በላይ ያለውን መክደኛ ከፍተህ እጅህን ስደድ። ስትጨርስ መክደኛውን ጥርቅም አድርገህ እሰረው። ላልቶ ከቀረ ፕሮፔለሩ ውሃውን በዚያ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ይረጨዋል። በዚህ የሰመጡ ጀልባዎች አሉ።

ስኪን ታንክ ላይ ትንሽ ልቆይ። ቸኩለህ ከሆነ ቀጣዮቹን አንቀጾች ዝለላቸው፣ ባትዘላቸው ግን ደስ ይለኛል። ሰው ሁሉ ፓምፕና ቴርሞስታት የሚቀይረው ይህን ሳጥን ስለማያውቀው ነው።

መኪና ራዲያተርና ፋን አለው። የባሕር ጀልባ ብዙ ጊዜ ከባሕሩ ውሃ እየሳበ ይቀዘቅዛል። ካናል ላይ ይህ አይሆንም። ካናል ጥልቀት የለውም፣ ጀልባው ባለፈ ቁጥር ጭቃው ይነሳል። ቅጠሉ፣ ፌስታሉ፣ ሣሩ ተደምሮ መሳቢያው ባንድ ቀን ይደፈናል። ስለዚህ ቀላል ዘዴ ተፈጠረ። ከጀልባው ኋላ፣ ከውስጥ በኩል፣ ጠፍጣፋ የብረት ሳጥን ጎኑ ላይ ይበየዳል። የሳጥኑ አንዱ ግድግዳ የጀልባው ጎን ራሱ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ 6 ሚሊሜትር ላሜራ። ከወዲህ የሞተሩ ሙቅ ውሃ፣ ከወዲያ የካናሉ ቀዝቃዛ ውሃ። ሁለቱ አይገናኙም፣ ሙቀቱ ግን በብረቱ አልፎ ይሄዳል። ካናሉ ራሱ ራዲያተር ሆነልህ ማለት ነው። ፋን የለ፣ የሚሽከረከር ነገር የለ። ሳጥኑ ውስጥ ውሃው በአቋራጭ እንዳያመልጥ ክፍልፋዮች አሉ። እየተጠማዘዘ፣ ብረቱን እየላሰ እንዲሄድ ነው። እኔ ይህን ነገር መጀመሪያ ሳየው ያሰበውን ሰው ባገኘው ቡና እጋብዘዋለሁ ብያለሁ።

ታዲያ እንዲሠራ ውሃው ብረቱን መንካት አለበት። አየር ሙቀት አያስተላልፍም፣ ብርድ ልብስ በለው። አየር ደግሞ ሁልጊዜ ላይ ነው የሚቀመጠው። የሳጥኑ አናት ላይ ከተከማቸ ያ ክፍል ሥራ ፈት ይሆናል። ማኒኮቶው፣ ማለትም ጎማው ቱቦ የሚገባው በላይ በኩል ከሆነ ደግሞ አየሩ መንገዱን ይዘጋል። ጄሪካን ገልብጠህ ስትቀዳ ዱብ ዱብ እያለ የሚተናነቀው አየርና ውሃ ባንድ አፍ ስለሚጋፉ ነው። እዚህም ያው ነው፣ ልዩነቱ አየሩ መውጫ የለውም። ፓምፑም ወደ ታች ገፍቶ አያስወጣውም።

አየሩ ከየት መጣ? ካንተ ባልዲ። ድስት ስትጥድ ውሃው ሳይፈላ በፊት ግድግዳው ላይ ትንንሽ አረፋ ይለጠፋል አይደል? ያ በውሃው ውስጥ የነበረ አየር ነው። በየቀኑ ሁለት ሊትር አዲስ የቧንቧ ውሃ ስትጨምር በየቀኑ አዲስ አየር ትመግበዋለህ። ያንን ሁለት ሊትር ምን ወሰደው? ብዙውን አንተው ራስህ። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል። በሲስተምህ ውስጥ 30 ሊትር አለ ብንል፣ ከቅዝቃዜው እስከ 85 ዲግሪ ድረስ አንድ ሊትር ገደማ ይጨምራል። መሙያውን እስከ አፉ ከሞላኸው ያን አንድ ሊትር ይተፋዋል። ሲቀዘቅዝ ጎድሎ ታገኘዋለህ፣ ፈሰሰ ብለህ ትሞላዋለህ፣ ነገ ደግሞ ይተፋል። ከግማሽ ትንሽ ከፍ ብሎ ይብቃው።

አሁን በእጅህ አረጋግጥ። ጀልባው ታስሮ ማርሽ አስገብተህ ነዳጅ አትስጠው፣ ዳሩን ይሸረሽራል፣ ካስማህንም ይነቅለዋል። እየሄድክ ሞክረው። ሎክ ማለት ጀልባን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ የውሃ በር ነው። ከካምደን ሎኮች በላይ በፓዲንግተን በኩል እስከ ካውሊ አንድም ሎክ የለም፣ ለሙከራ ከዚያ የተሻለ መንገድ አላውቅም። ሙቀቱ መውጣት ሲጀምር ቁምና ሞተሩን አጥፋ። ቺንጊያው፣ ማለትም የሞተሩ ቀበቶ፣ እየዞረ እጅ አይገባም። ወደ ስኪን ታንኩ የሚገባውን ማኒኮቶና የሚመለሰውን በጀርባ እጅህ ቀስ ብለህ ንካ። መግቢያው ግሎ መመለሻው እንደ ድንጋይ ከቀዘቀዘ ውሃው አያልፍም፣ አየር ዘግቶታል። ሁለቱም እኩል ከጋሉ ውሃው ያልፋል ግን አይበርድም፤ ወይ ታንኩ አንሷል ወይ ዝገትና ዝቃጭ ሞልቶታል። ከዚያ ሳጥኑን ራሱን ዳብሰው። ታቹ ሞቆ አናቱ ከበረደ፣ አየሩ እዚያ ነው።

አየሩን የምታወጣው ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ነው። አሁንም ክዳኑን አስታውስ፣ ክንዴንም አስታውስ። ሳጥኑ አናት ላይ ትንሽ ቡሎን አለች። በቀለም ተሸፍና ይሆናል፣ ፋቅ ፋቅ አድርገህ ፈልጋት። በመፍቻ ግማሽ ዙር አላላት፣ ጨርሰህ አትንቀላት። ስ…ስ…ስ ካለ ልክ ነህ። ባለቤትህ በመሙያው በኩል ቀስ እያለች ታንቆርቁር፣ አንተ ቡሎኗ ላይ ቆይ። አረፋ የሌለው ፈሳሽ ብቻ ሲወጣ እሰር። ሞተሩን አስነስተህ አሙቀው፣ ሙሉ በሙሉ አቀዝቅዘው፣ ድገመው። አንድ ጊዜ አይበቃም። እኔ ሦስት ጊዜ የደገምኩበት አለ።

ብዙ መካኒክ የማያስበው አንድ ነገር አለ። የጀልባህ የመጠጥ ውሃ ታንክ ከፊት ነው፣ ሲሞላ መቶዎች ኪሎ ይመዝናል። ሲጎድል አፍንጫው ይነሳል፣ ጅራቱ ይወርዳል። ያኔ የስኪን ታንኩ የፊት ጫፍ ከፍ ይላል፣ አየሩም ወደዚያ ይሸሻል። ስለዚህ ቡሎኗ በፊት ጫፍ በኩል ከሆነች ሥራውን የመጠጥ ውሃው ሲያልቅ ሥራው። በኋላ ጫፍ ከሆነች ሞልተህ ሥራው። ቡሎን ጭራሽ ከሌለ ሠሪው ሰነፍ ነበር ማለት ነው። የላይኛውን ማኒኮቶ ፈትተህ ቀና አድርገህ ያዘውና በማንቆርቆሪያ በዚያው በኩል ሙላው።

አሁን ልማረር። ቴርሞስታቱን አውጥቶ የጣለው ሰው ምን አስቦ ነው? አገር ቤትም እንዲህ የሚያደርጉ ነበሩ፣ «ሙቀት አገር ነው ምን ያደርግልሃል» እያሉ። ቴርሞስታት ሲሞቅ ወደ ስኪን ታንክ መንገድ ይከፍታል። በብዙ ሞተሮች ላይ ደግሞ በዚያው ጊዜ አቋራጩን ይዘጋል። ሲወጣ አቋራጩ ክፍት ይቀራል፣ ግማሹ ውሃ ሳይበርድ ተመልሶ ሞተር ይገባል። ለማቀዝቀዝ ብሎ አሙቆልሃል። ለሞተርህ የሚሆነውን ትክክለኛውን ገዝተህ መልስ፣ ርካሹን ሳይሆን። ከመግጠምህ በፊት በድስት ውሃ ውስጥ አንጠልጥለህ አሙቀው፣ ሲከፈት ታየዋለህ። ካልተከፈተ ለሻጩ መልስ።

በላክኸው ፎቶ ላይ ደግሞ አንድ ማኒኮቶ እንደ ግመል ጀርባ ጎብጧል። ከመኪና ላይ የተፈታ ነው፣ መታጠፊያው አልገጠመም። ያ ጉብታ ሌላ የአየር ጎተራ ነው። አውልቀህ ቀጥ ብሎ የሚወጣ ቱቦ ግጠም። ፋሼታዎቹም፣ ማለትም የማኒኮቶ ማሰሪያዎቹ፣ ዝገዋል። ማግኔት አስጠጋ፣ ጥብቅ ብሎ ከያዘ የጥሩ እስቴንለስ ዋጋ ከፍለህ ተራ ብረት ወይም ዝቅ ያለውን እስቴንለስ ገዝተህ ይሆናል። ሳንቲም ለማትረፍ ተብሎ ስንት ሞተር ተቃጠለ።

ሲስተሙን ከፈታህ አይቀር ያንን ዝገት ውሃ አፍስሰህ ግማሽ በግማሽ አንቲፍሪዝ ሙላ። የክረምቱን በረዶ ብቻ ሳይሆን ዝገቱንም ይከለክላል። አሮጌውን በጄሪካን ሰብስበህ ወደ ማስወገጃ ውሰድ። ጣፋጭ መርዝ ነው፣ ውሻ ይልሰዋል፣ ካናል ውስጥም አይደፋም።

አየሩ ወጥቶም ሲፈጥን የሚሞቅ ከሆነ ታንኩን ለካ። የጀልባ ሠሪዎች የድሮ ስሌት አላቸው። የፈረስ ጉልበቱን ለ4 አካፍል፣ የሚወጣው ከካናሉ ጋር የሚነካካው ስፋት ነው፣ በካሬ ጫማ። ላንተ 9.5 ይሆናል፣ ወደ 0.9 ካሬ ሜትር። በጣም ካነሰ መፍትሔው ሁለተኛ ታንክ ማስበየድ ነው። ይህን ጀልባው ከውሃ ወጥቶ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይሥራው። እስከዚያ ካናል ላይ ከሰው እርምጃ ብዙ በማያልፍ ፍጥነት ብትሄድ ብዙ ጉልበት ስለማይጠይቅ ትችለዋለህ።

የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ መሙያው ውስጥ ያለማቋረጥ አረፋ የሚወጣ ከሆነ፣ ወይም የዘይት መለኪያው ዘንግ ማኪያቶ መስሎ ከወጣ፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በሞተሩ ራስና በአካሉ መካከል ያለው ማሸጊያ፣ ተቃጥሏል። ያኔ የኔን ግምት ተወውና ቴስታታውን የሚከፍት ሰው ጥራ።

ቴምዝን በተመለከተ፣ ከላይምሃውስ እስከ ብሬንትፎርድ ያለው ወንዝ በባሕሩ ሙላትና ጉድለት ውሃው የሚወጣና የሚወርድ ነው፣ እንደ ካናል ዳር ይዘህ አትቆምበትም። ሞተሩ ረጅም ሰዓት በጉልበት መሥራት አለበት። የሚግል ሞተር ይዘህ እንዳትገባ። መጀመሪያ ካናል ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ጠንከር አድርገህ ንዳው፣ በርሜሉ ሞቆ፣ ማንም ሳይታጠብ። ሙቀቱ ባለበት ከቆመ ሂድ። በመንገድ ላይ ቢወጣብህ ደግሞ ነዳጁን ቀንስና ባለቤትህን «ሙቁን ውሃ ክፈቺው» በላት፣ ጥቂት ደቂቃ ይገዛልሃል። ክዳኑን ግን እዚያም ቢሆን እንዳትነካው።

የላክኸው ፎቶ የቀኙን ጎን ብቻ ነው የሚያሳየው። አንዳንድ ጀልባ በግራም ሁለተኛ ስኪን ታንክ አለው፣ ለየብቻው አየር ማውጣት ይፈልጋል። የወለሉን ሳንቃ አንስተህ እየውና ካለ ያንንም አንሳልኝ። ማኒኮቶዎቹ የት ገብተው የት እንደሚወጡ እንዲታይ አድርገህ።