ከሒሳብ ዲግሪ ወደ በሽታ ማጥፋት ሥራ መግባት ይቻላል?

ውድ ጠያቂያችን፦

በሒሳብ የመጀመሪያ ዲግሪዎን ይዘው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንደሚያስተምሩ፣ በነፍሳት የሚተላለፉ የሐሩር አካባቢ በሽታዎችን ለማጥፋት በሚደረገው ጥረት በሒሳባዊ ሞዴል (የበሽታን አካሄድ በእኩልታ በሚያሳይ ስሌት) መሳተፍ እንደሚመኙ፣ ሆኖም ሕክምና አለመማርዎ እንደሚያሳስብዎ ጽፈውልናል። የትኛውን ማስተርስ እንደሚመርጡና ሥራው አገር ውስጥ ይገኝ እንደሆነም ጠይቀዋል።

የሕክምና ዲግሪ አያስፈልግዎትም። ወባ በትንኝ እንደሚተላለፍ ለማረጋገጥ የሚያበቃውን ግኝት እ.ኤ.አ. በ1897 ያገኘው ሮናልድ ሮስ ሐኪም ነበር፤ የመጨረሻዋ ትንኝ እስክትጠፋ መጠበቅ እንደማያስፈልግና ቁጥራቸው ከተወሰነ ልክ በታች ከወረደ በሽታው እየከሰመ እንደሚሄድ ለማሳየት ግን ወደ ሒሳብ መሄድ ግድ ሆኖበታል። እርስዎ ከሌላው አቅጣጫ ይመጣሉ። የሚጎድልዎት በሽታው እንዴት እንደሚኖርና ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ነው፤ ምክሬም በዋናነት በዚህ ላይ ያተኩራል።

በትል የሚመጣውንና በጥቁር ዝንብ የሚተላለፈውን ኦንኮሰርኪያሲስ እንውሰድ። ዝንቧ የምትራባው በፍጥነት በሚፈስ ወንዝ ዳር ሲሆን በሽታው ቆዳን ያሳክካል፣ ዓይንንም እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ለሕዝብ በጅምላ የሚታደለው አይቨርሜክቲን በሰውነት ውስጥ የሚሰራጩትን እጮች ቢገድልም፣ ከ10 እስከ 15 ዓመት የሚኖረውን ትልቁን ትል ግን በአብዛኛው አይገድለውም። ስለዚህ ለፕሮግራሙ ኃላፊ ከባዱ ጥያቄ ዕደላውን መቼ ማቆም እንደሚቻል ነው፤ ቀድሞ ቢያቆም በሽታው ያገረሻል፣ ዘግይቶ ቢያቆም ለሌላ ወረዳ የሚሆነው ገንዘብና ጉልበት ይባክናል። እ.ኤ.አ. ከ1974 እስከ 2002 በምዕራብ አፍሪካ በተካሄደው የመከላከል ፕሮግራም ውስጥ በሮተርዳም ኢራስመስ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ኦንኮሲም የተባለው ሞዴል ያገለገለው ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ ነው። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2013 ዓላማዋን ከመቆጣጠር ወደ ማጥፋት ስላሸጋገረች ጥያቄው የእኛም ነው።

አሁን አንድ ስሌት ይሥሩ። በእያንዳንዱ ዙር 80 በመቶው ሕዝብ መድኃኒቱን ወሰደ እንበል። የሚቀሩት ሰዎች በየዙሩ እንደ አጋጣሚ የሚለዋወጡ ከሆነ፣ ከአምስት ዙር በኋላ ከ10,000 ሰው ጨርሶ ያልወሰዱት ሦስት ያህል ብቻ ይሆናሉ። የሚቀሩት ሁልጊዜ እነዚያው ሰዎች ከሆኑ ግን 2,000 ሰዎች አንድም ጊዜ አልወሰዱም፤ ትሉም በእነርሱ ውስጥ ይቆያል። በሁለቱም ሁኔታ ለጤና ቢሮ የሚላከው የሽፋን ሪፖርት ግን አንድ ነው። በመተማ ለሰሊጥ አጨዳ የሚመጣ የቀን ሠራተኛ ዕደላው ሲካሄድ በየትኛው ቀበሌ እንደሚቆጠር የማያውቅ ባለሙያ፣ እኩልታው የቱንም ያህል ቢያምር የተሳሳተ ምክር ሊሰጥ ይችላል።

ከ100 በመቶ በላይ ሽፋን የሚያሳይ የወረዳ ሪፖርት ሲያጋጥምዎም አይደነቁ። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ አካፋዩ፣ ማለትም የወረዳው ሕዝብ ቁጥር፣ ብዙውን ጊዜ ግምት ነው። ይህን ስህተት አይቶ በሞዴሉ ውስጥ ማስላት የሚችል ሰው በጣም ያስፈልገናል፤ በእኔ እምነት የሒሳብ ምሩቅ ከሌላው ይልቅ ሊያበረክት የሚችለው እዚህ ላይ ነው።

ስለ ማስተርሱ፣ ከተግባራዊ ሒሳብ ይልቅ ባዮስታቲስቲክስን (የጤና መረጃ ስታቲስቲክስን) ወይም ኤፒዲሚዮሎጂን (የበሽታ ስርጭት ጥናትን) እንዲመርጡ እመክራለሁ፤ ዲፈረንሻል እኩልታን በራስዎ ማጠናከር ይችላሉ፣ የመረጃን ጠባይ ግን ብቻዎን መማር ይከብዳል። በሒሳብ መቀጠል ከፈለጉ በሩዋንዳ፣ በጋናና በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ማዕከላት ያሉት የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ኢንስቲትዩት አለ፤ የነጻ ትምህርት ዕድሉን ይከታተሉ። እስከዚያው አር ወይም ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ መሥራት ይጀምሩ።

ሥራን በተመለከተ፣ «ሞዴል ሠሪ» የሚል ማስታወቂያ በአገር ውስጥ እምብዛም አያገኙም። «ባዮስታቲስቲሺያን»፣ «የመረጃ ባለሙያ»፣ «ክትትልና ግምገማ» በሚሉት መደቦች ይፈልጉ፤ የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትን፣ የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩትንና በአሸዋ ዝንብ በሚተላለፈው ካላዛር ላይ ምርምር የሚያደርገውን የጎንደር ዩኒቨርሲቲን ማስታወቂያዎች ይመልከቱ። ደመወዙ መጀመሪያ ላይ ባንክ ከሚከፍለው ሊያንስ ስለሚችል ከቤተሰብዎ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩበት።

ማመልከቻ ከማስገባትዎ በፊት ከላይ ያለውን ስሌት በኮምፒውተር ያስፋፉት፤ የትሉን ዕድሜና በየዓመቱ የሚሰጠውን ዙር እየለዋወጡ ዕደላው ስንት ዓመት መቀጠል እንዳለበት ያስሉ፣ ውጤቱንም የወረዳ ጤና ኃላፊ ሊረዳው በሚችል አማርኛ በሁለት ገጽ ጽፈው ከማመልከቻዎ ጋር ያያይዙት።